ከሳይት አታንሷት፦ ለተቋራጮችና ለአማካሪ ድርጅቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕንፃና ለመንገድ ሥራ ተቋራጮች፣ ለአማካሪ ድርጅቶች እና ለአሠሪ መሥሪያ ቤቶች የፕሮጀክት ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ አዲስ የተመረቁ ሴት መሐንዲሶችን ከሳይት ስለማንሳት

ለወትሮው ለእናንተ የምጽፈው ደብዳቤ በቁጥር የሚጀምር፣ ስለ ክፍያ ሰርተፍኬት ወይም ስለ ጊዜ ማራዘሚያ የሚያወራ ነው። ይህኛው ቁጥር የለውም። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። በ2006 ዓ.ም. ከተመረቅሁ ጀምሮ በሕንፃ ሥራ ላይ አለሁ፤ ዛሬ በአንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ሬዚደንት ኢንጂነር፣ ማለትም ሳይት ላይ ሆኜ ሥራውን የምቆጣጠር መሐንዲስ ነኝ።

ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ጥር ነው። ለጥምቀት ከየሥራ ቦታቸው የመጡ ጓደኞቼ እኔ ቤት ቡና ለመጠጣት ተሰበሰቡ። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን፤ ሲቪል፣ ውሃ፣ ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል። ሁላችንም ምህንድስና ተምረን የወጣን፣ ሁላችንም ሠላሳን ያለፍን። ከመካከላችን አንዷ ድንገት «እስቲ እያንዳንድሽ የመጀመሪያ ሥራሽን ንገሪን» አለች። አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው አልፎ፣ በረካው ሲወርድ እኛ ገና ሦስተኛዋ ታሪክ ላይ ነበርን። ለዓመታት የተዋወቅን ሰዎች ነን፤ አንዳችን የሌላችንን ሠርግ አጅበናል፣ ልጅ አጥበናል። ስለ መጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታት ግን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። እያንዳንዳችን የደረሰብንን የራሳችን ድክመት አድርገን ይዘነው ኖረናል።

ሲመሽ ቆጠርነው። ከዘጠኛችን ስድስታችን ሥራ በጀመርን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ሳንጠየቅ ከሳይት ተነስተን ቢሮ ገብተናል። ለስድስታችንም የተነገረው ምክንያት አንድ ነው፤ «ለአንቺው ብለን ነው።»

የእኔን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ሳይቴ ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ ከተማ የሚሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነበር። መስከረም 2007 ላይ ሻንጣዬን ይዤ ስደርስ የመሠረቱ ሥራ አልቆ ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ከመሬት ብቅ ብለዋል። ዘበኛው «እህቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» ብሎ በር ላይ አቆመኝ። የቅጥር ደብዳቤዬን አሳየሁት፤ ገልብጦ አየውና ፎርማኑን ጠራ። ፎርማኑ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። እሳቸው ግን ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ በአናፂውም በግንበኛውም ፊት «ኢንጂነር» እያሉ ጠሩኝ። ያቺ አንዲት ቃል ምን ያህል በር እንደከፈተችልኝ ዛሬም ድረስ አልረሳውም። ጋሼ ኢንጂነር ያሏትን ልጅ ሌላው ሠራተኛ በስሟ ለመጥራት አልደፈረም።

ስታፋ፣ ዋናዎቹን ብረቶች የሚያቅፈው ቀጭን ብረት፣ በስንት በስንት ርቀት እንደሚታሰር ከክፍል ተምሬ ነበር። ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ቶሎ ለመጨረስ ሲል፣ ስታፋው ይበልጥ መጠጋት በሚገባው በቢሙ (በአግዳሚው ተሸካሚ) ጫፍ በኩል እንዴት እንደሚያሳሳው ያሳዩኝ ግን ጋሼ ናቸው። የአርማታን ቅጥነት የምንለካበት የስላምፕ ሾጣጣ በሦስት ዙር፣ በየዙሩ 25 ጊዜ በብረት እየተወጋ እንደሚሞላ በላብራቶሪ ሠርቼዋለሁ። አርማታ የሚያቦካው ቤቶኔራ ሲዞር ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ውሃ በዛበት» ማለትን የሚያስተምር ላብራቶሪ ግን የለም። ያንን የሚያስተምር አቧራው ውስጥ መዋል ነው። በሦስት ወር ውስጥ ጆሮዬ መለየት ጀመረ።

ታኅሣሥ ላይ የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ አርማታ) የሚሞላበት ቀን ደረሰ። ሥራውን የምታውቁ እናንተ ናችሁ፤ የሶሌታ ሙሌት አንዴ ከተጀመረ በየቦታው አይቋረጥም፣ ሲሚንቶ ይዘገያል፣ መብራት ይሄዳል፣ ቀኑ ወደ ማታ ይገፋል። ቀኑን ሙሉ ብረት ስቆጥርና የብረቱን የአርማታ ሽፋን ስለካ ውዬ የመፈተሻው ቅጽ ላይ ፈረምኩ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የፕሮጀክት ኃላፊው መጡና «አንቺ በቃሽ፣ ይመሻል፣ ሹፌሩ ያድርስሽ» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉኝ። ዛሬም በክፋት አላስታውሳቸውም፤ የሴት ልጆች አባት ነበሩ። ከእኔ ጋር አብሮ የተቀጠረው፣ ልክ እንደኔ የዚያ ዓመት ምሩቅ የሆነው ልጅ ግን እዚያው ቀረ።

አርማታውን ይዞት የነበረው ካሳፎርማ ሲፈታ አንደኛው ቢም ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጠጠሩ ብቻ ፈጦ ቀርቷል፤ ሃኒኮም የምንለው። ለካ በዚያች ሌሊት 3 ሰዓት ገደማ አርማታውን እየነዘረ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተር ተበላሽቶ የቀረውን አርማታ በብረት ዘንግ እየወጉ ነበር የጨረሱት። ይህን የሰማሁት ሶሌታው ከተሞላ ከሳምንታት በኋላ ነው። ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። አማካሪው ጠርቶ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ፤ አልነበርኩማ። ያ ልጅ በአንድ ሌሊት የተማረውን አስቡት። ትርፍ ቫይብሬተር ሳይኖር ሙሌት እንደማይጀመር፣ የግድ መቆም ካለበት ቢሙ ላይ የት ቢቆም እንደማይጎዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት የቆመ ሠራተኛ በምን እንደሚበረታ። እኔ በዚያች ሌሊት የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ተኝቼ ነበር። ከዚያ በኋላም በነበሩት ሙሌቶች ሁሉ 11 ሰዓት ሲሆን መኪና ተጠራልኝ።

ግንቦት ላይ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ኦፊስ ኢንጂነር ሆኜ ተመድቤያለሁ። እናቴ ደስ አላት፤ ልጇ ከአቧራና ከሩቅ ከተማ ወጥታ አዲስ አበባ ገባችላት። ሦስት ዓመት ቴክ ኦፍ (የሥራ መጠን ስሌት) ስሠራና ክፍያ ሳዘጋጅ ቆየሁ። የቢሮውን ሥራ መናቄ አይደለም። ክፍያን በትክክል የሚያዘጋጅ ሰው ፕሮጀክትን ያድናል፤ እኔም ያኔ የተማርኩት ዛሬ ይጠቅመኛል። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ለረዳት ሬዚደንት ኢንጂነርነት ቦታ ተወዳድሬ ፈተናውን አልፌ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሳይት ላይ ስንት ጊዜ ሠራሽ?» የሚል ነበር። «ስምንት ወር» አልኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች አንዳቸው ሌላቸውን አዩ። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ያ ቅድም የነገርኳችሁ ልጅ ነው። እሱ የመለሰው «ከሦስት ዓመት በላይ» ብሎ ነው። ቦታውን ያገኘው እሱ ነው፤ ይገባዋልም። ጠያቂዎቹ እኔ ብሆን ኖሮም እሱን እመርጥ ነበር። ጥፋቱ የተሠራው በ2007 ግንቦት በመልካም ልብ በተጻፈች አንዲት የዝውውር ደብዳቤ ላይ ነው።

ወደ ሳይት የተመለስኩት ደመወዜን አስቀንሼ ነው። አንድ አማካሪ ድርጅት የጀማሪ ተቆጣጣሪ ቦታ ነበረው፤ የአራት ዓመት ልምድ ይዤ ከዜሮ ዓመት ልምድ ካላቸው ልጆች ጋር ጀመርኩ። ያ ውሳኔ ያዋጣኝ ገና ባለማግባቴና የቤት ኪራይ ባለመክፈሌ ነው። ለሁሉም ሴት የሚቻል አይደለም። ከጓደኞቼ ውስጥ መመለስ ፈልገው መመለስ ያልቻሉ አሉ።

አንዷን ላንሳ። መንገድ ሥራ ላይ ነበረች። ካምፑ ውስጥ የነበረው የወንዶች መኝታ ብቻ ስለሆነ ከካምፑ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኝ ከተማ ቤት ተከራየላት፤ ያም በአሳቢነት ነው። ፒክአፑ እሷን የሚያመጣት ሌሎቹን ሳይት ካደረሰ በኋላ ነው። እዚያ የአፈር መጠቅጠቅ ፍተሻ የሚሠራው ማለዳ ነበርና እሷ ስትደርስ አልቋል። በስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ላይ «ሰዓት አታከብርም» ተብሎ ተጻፈባት። ቅጹን እስካሁን አስቀምጣዋለች፤ በዚያች ቀን ይዛው መጥታ አሳየችን። ዛሬ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። ጥሩ አስተማሪ ናት። ግን ወደ አንድ ወገን የዘመመ መንገድ ስታይ አሁንም ከመኪና ወርዳ ትመለከተዋለች።

ሌላዋ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ነበረች፤ የተማረችው አርባ ምንጭ ነው። ሜዳ ላይ ነው ሥራው። መጸዳጃ የለም፣ ዛፍም የለም። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ ውሃ አትጠጣም ነበር። ሰው ውሃ እንዲያገኝ ጉድጓድ የምታስቆፍር ሴት ቀኑን ሙሉ በጥም ትውላለች። በአምስተኛው ወር በኩላሊት ኢንፌክሽን ሆስፒታል ገባች። ሪፖርት ላይ የሰፈረው «በጤና ምክንያት ሥራ መልቀቅ» የሚል ነው። አንባቢ ይህን ሲያይ የሴት አካል ለቁፋሮ ሥራ አይሆንም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነውና። መጸዳጃ ስላልነበረ የሚል ቃል የትም አልተጻፈም።

ስለ መጸዳጃ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው ፊት ለማንሳት የሚታፈርበት ነገር ሆኖ ብዙ ሴቶችን ከሙያው ያስወጣው እሱ ነው። በየሳይታችሁ ያለነው ሴቶች መሐንዲሶች ብቻ አይደለንም። አሸዋ የሚያመላልሱት፣ አርማታ የሚሸከሙት፣ ብሎኬት ውሃ የሚያጠጡት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው። በመጀመሪያው ሳይቴ ልጃቸውን ከላስቲክ ጥላ ሥር አስተኝተው ጠጠር የሚሸከሙ እናት ነበሩ፤ እትዬ እላቸው ነበር። አንድ ቀን ፕላን ዘርግቼ ከጋሼ ጋር ስነጋገር ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ ወረቀቱን የምታነቢው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «አዎ እትዬ» አልኳቸው። ባሬላውን አስቀምጠው «እንግዲያው አንቺ ንገሪልን። እኛ የምንሄድበት የለንም» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ እኔም የምሄድበት አልነበረኝማ። ለፕሮጀክት ኃላፊው ነገርኩ። «እናያለን» ተባልኩ። ሳይታይ እኔም ተነሳሁ። ለእትዬ ሳልነግራቸው ነው የሄድኩት።

በኋላ በሠራሁበት በሌላ ሳይት የፕሮጀክት ኃላፊው ከሲሚንቶ መጋዘኑ በፊት ያሠሩት ሁለት መጸዳጃ ቤት ነበር፤ አንዱ ለወንድ አንዱ ለሴት፣ የሴቶቹ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ በርሜል ውሃ ያለው። ማንም አላዘዛቸውም። በዚያ ሳይት ላይ ሦስት ሴት መሐንዲሶች ነበርን፤ ሕንፃው እስኪያልቅ ሦስታችንም ነበርን።

አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ። «መሐንዲስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ጾታው የሚታወቀው «መሐንዲሱ» ወይም «መሐንዲሷ» ስንል፣ አለዚያም ግሡ ላይ ስንደርስ ነው። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ሰው በር ከፍቶ «መሐንዲሱ የለም?» ይለኛል፤ «እኔ ነኝ» ስል ደንግጦ ይቅርታ የሚጠይቅ አለ፤ አልፎኝ የኋላውን ክፍል የሚያይም አለ። ከአማካሪ ወደ ተቋራጭ፣ ከተቋራጭ ወደ አማካሪ በሚጻፉ ደብዳቤዎች ላይ ሁልጊዜ «መሐንዲሱ እንዳዘዘው» ነው። ለዘንድሮ ልጆች ስል እኔ በምፈርመው ደብዳቤ ላይ «መሐንዲሷ እንዳዘዘችው» ማለት ጀምሬያለሁ።

ብዙዎቻችሁ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ አብሬያችሁ ስብሰባ ተቀምጫለሁና። የመጀመሪያው «ዩኒቨርሲቲ የገቡት በድጋፍ ነው፣ በመሠረቱ ደከም ይላሉ» የሚለው ነው። መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ከወሰነ በኋላ የምህንድስና ክፍሎች ሞሉ፤ ሴቶችም በመግቢያ ነጥብ ላይ በተደረገልን ማስተካከያ ጭምር ገባን። ድጋፉ የነበረው በሩ ላይ ነው። ከበሩ በኋላ የነበረው ስታቲክስ፣ የመዋቅር ትንተና፣ አምስተኛው ዓመት ላይ የቀረበው የመመረቂያ ሥራ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነበር፤ ፈተናውም በአንድ አዳራሽ። ደከም ያለ ወንድ ምሩቅም ሳይት ላይ ደርሷችኋል፤ እሱን «እዚህ ይልመድ» ትሉታላችሁ። እሷንም እንደዚያው በሏት።

ሁለተኛው ስለ ማታ ነው። ይህን አላቃልለውም። ጨለማ ውስጥ፣ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር፣ ከከተማ ውጭ መሆን ለአንዲት የ23 ዓመት ልጅ አደጋ አለው፤ በዚያች ጥር ከተነገሩት ታሪኮች ውስጥ እዚህ የማልጽፈው አንድ አለ። ግን አደጋውን ያደረሰው ሰው እዚያው ሳይት ላይ ቀረ፣ የተነሳችው እሷ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሲብ ትንኮሳን በሥራ ቦታ ይከለክላል፤ ስለዚህ የሚነሳው ማን መሆን እንዳለበት ሕጉ ተናግሯል። የቀረው የብርሃንና የመኪና ጉዳይ ነው። ለአርማታው ፓውዛ ትተክላላችሁ፤ ከፓውዛዎቹ አንዱን ወደ መተላለፊያው አዙሩት። ሹፌሩ 11 ሰዓት ላይ ከሚያደርሳት ሙሌቱ ሲያልቅ ያድርሳት። ቢቻል ደግሞ ሁለት ሴቶችን አንድ ሳይት ላይ መድቡ፤ ለብቻ መሆንና ሁለት መሆን በጣም ይለያያል።

«ራሳቸው ቢሮ ይጠይቃሉ» የሚለውም እውነት አለው። ከዘጠኛችን ሁለቱ ራሳቸው ጠይቀዋል፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ስለነበረች፣ ሌላዋ ቢሮውን ስለወደደችው። የጠየቀችውን ስጧት። ያልጠየቀችውን ጠይቋት። የእኔ ቅሬታ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው፤ ማንም አልጠየቀኝም። ስለ ወሊድ ብዙ አልልም፤ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ፣ ከደመወዝ ጋር በዚያው አዋጅ ተጽፏል። ጓደኛዬ 120 ቀኗን ጨርሳ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘች። ይህ ክርክር የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አንዲት ሴት ምሩቅ ስትቀጥሩ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከሳይት አታንሷት። ማንሳት ካለባችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጧት፣ እሷም በጽሑፍ ትስማማ። የሙያ ምዝገባችን ደረጃ የሚያድገው በልምድ ነው፤ በሃያ ሦስት ዓመቷ የቀማችኋትን ልምድ በሠላሳ ዓመቷ ማንም አይመልስላትም። የሙሌት ሌሊት ላይ ትገኝ። ቅጹ ላይ የምትፈርመው እሷ ከሆነች ቫይብሬተሩ ሲበላሽም እዚያው ትሁን። ቅሬታ ቢኖራት ከፕሮጀክት ኃላፊው ሌላ የምትነግረው ሰው ስም አስቀድማ ትወቅ። የደህንነት ጫማ ስትገዙ 37 እና 38 ቁጥርም ግዙ፤ እኔ 41 ቁጥር ቦቲ በሁለት ካልሲ አድርጌ ፖንቴ (የእንጨት መወጣጫ) ላይ የወጣሁበትን ዓመት አስታውሳለሁ፣ እግሬ ጫማው ውስጥ ሲንሸራተት ከሦስተኛው ፎቅ በታች ያለውን መሬት እያየሁ።

ለአሠሪ መሥሪያ ቤቶችና ለአማካሪዎች ደግሞ ለብቻው የምለው አለኝ። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ቢኦኪው (የሥራ ዝርዝር፣ መጠንና ዋጋ የሚሰፍርበት ሰነድ) ላይ የሌለ ነገር ሳይት ላይ የለም። ተቋራጩ በዋጋ ተወዳድሮ ነው የገባው፤ ያልተከፈለበትን አይሠራም። የፕሮጀክት ሰሌዳው፣ አጥሩ፣ የአማካሪው ቢሮ፣ አንዳንዴም የአማካሪው መኪና ሳይቀር ጠቅላላ ሥራዎች በሚለው ክፍል ውስጥ ዋጋ ይሰጣቸዋል። እዚያው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ለሴት ሠራተኞች ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት ከውሃ ጋር፣ የመሠረት ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የሚጠናቀቅ። ካምፕ ላለው ፕሮጀክት ደግሞ ለሴት መሐንዲሶች ቁልፍ ያለው መኝታ። መስመሩ ካለ ይሠራል፣ ይለካል፣ ይከፈልበታል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን ተደርጓል፤ ቤቱ ሲታደል የታሰበላት ሴት ቤቱ ሲሠራም ልትታሰብ ይገባታል።

ዋጋው ያሳስባል ለሚል ሠርቼዋለሁ። በውጭ ልኬት 2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.2 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል የበሩ ቀዳዳ ሲቀነስ ወደ 14 ካሬ ሜትር ግድግዳ ነው። በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ብታስቡት 175 ይሆናል፤ የሚሰበረውን ጨምሮ 190 ይበቃል። ሦስት ቆርቆሮ፣ አንድ የላሜራ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ በርሜል። አንድ ግንበኛና ሁለት ረዳት ከሁለት ቀን በላይ አይፈጅባቸውም። የጉድጓዱን ጥልቀት እንደ አፈሩ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ንድፉን፣ የሥራ ዝርዝሩንና ለቢኦኪው የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር በአንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። በሥራ የምንገናኝ ሁሉ በሚቀጥለው የሳይት ስብሰባ ላይ ይዤላችሁ እመጣለሁ፤ ለሚፈልገው ሁሉ በነፃ ነው።

ከሠላምታ ጋር
አንዲት ሲቪል መሐንዲስ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲዎች የኢንተርንሺፕ አስተባባሪዎች
ለዘንድሮ ምሩቅ ሴት መሐንዲሶች
ለእትዬ፣ ባሉበት